ድንጋዩን በአሲድና በበረኪና አታጥቡት፦ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ በተለይ ደግሞ የልማት ኮሚቴው ወንድሞች፤

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተነገረውን ማስታወቂያ ሰምቻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ወጣቶች የሽቦ ብሩሽና በረኪና ይዘው እንዲመጡ፣ አሲድ የሚገዛበት ገንዘብ እንደተገኘ፣ አንድ ምእመን ደግሞ የላቫጆ ማሽኑን በነጻ ሊያውስ ቃል እንደገባ ተነግሯል። ዓላማው ይገባኛል። ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ደረጃው አረንጓዴ ለብሷል፣ ግድግዳው ተዥጎርጉሯል፣ ንግሡም ኅዳር ላይ ነው። እንግዳ ሳይመጣ ቤት ይጸዳል። በዚህ ማንም አይከራከርም።

እኔ የምከራከረው በአሲዱ፣ በበረኪናው፣ በሽቦ ብሩሹና በማሽኑ ነው። አራቱም ይቅሩ። ለኮሚቴው ብቻ በጆሮ ከመናገር በግልጽ መጻፍ የመረጥኩት፣ መስከረም በጠባ ቁጥር በየደብሩ፣ በየመቃብሩና በየድሮ ግቢው ይሄው ዘመቻ ስለሚደገም ነው። ዕድሜዬን ከድንጋይና ከኖራ ጋር ነው የሠራሁት። ከዘመቻ በኋላ የሚጠራው ግንበኛ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝና የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሄዳችሁ ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ከሩቅ አንድ አረንጓዴ ቆሻሻ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። በሴቶች መግቢያ ደረጃ ላይ ያለው፣ እርጥብ ሲሆን የሚያዳልጠውና ሲደርቅ ጠቆር ብሎ እንደ ቅባት የሚለጠፈው አልጌ ነው። ሥር የለውም። ብርሃንና ውሃ ካገኘ ይኖራል፣ ውሃ ካጣ ይደርቃል። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ፣ ኖራው በተቦረቦረበት፣ ጉብ ጉብ ብሎ የበቀለው ለስላሳው ደግሞ ሳረንስት ነው። ይሄኛው እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ቀስ እያለ አፈር ይሆናል፣ አፈሩ ላይ ወፍ የጣለችው የዋርካ ፍሬ ይበቅላል። ጎንደር ፋሲል መዋኛ የሄደ ሰው የዛፍ ሥር የድንጋይ ግንብ ሲያቅፍ ምን እንደሚመስል አይቷል። እዚያ ለፎቶ ያምራል፤ እኛ ቤት ግን ባይጀመር ይሻላል።

ሦስተኛው የድንጋይ ሽበት ነው። በላይኛው ግድግዳ ላይ ክብ ክብ እየሆነ የተለጠፈው ግራጫው፣ ነጣ ያለውና ቢጫው። እሱ ሁለት ፍጥረት ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተስማምተው አንድ ላይ የሚኖሩበት። እድገቱ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ድንጋይ ላይ ልጥፍ የሚሉት ዓይነቶች ብዙዎቹ በዓመት ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አያልፉም። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል፣ ከቤተልሔሙ ፊት ለፊት ያለችው የመዳፍ ስፋት ያላት ክብ ቅዳሜ በብሩሽ ሊፍቋት ከሚመጡት ከብዙዎቹ ሰንበት ተማሪዎች በዕድሜ ሳትበልጥ አትቀርም። የፈንገሱ ክር ወደ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። በደረቁ በሽቦ ስትፍቁት ብቻውን አይመጣም፤ የያዘውን የድንጋይ ቅንጣት ነቅሎ ነው የሚመጣው። ግድግዳው ለአንድ ሰሞን ንጹሕ ይመስላል፣ ግን ቆዳው ተገፏል። የተገፈፈ ድንጋይ ሻካራ ነው፣ ሻካራ ውሃና አቧራ ይይዛል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት ከበፊቱ የባሰ አረንጓዴ ታያላችሁ። የሽቦው ስባሪ ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ዝገቱ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ዝገትን ከድንጋይ ማውጣት ከአልጌ አሥር እጥፍ ይከብዳል።

አሁን ወደ በረኪናው። በረኪና ወዲያው ያነጣል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ረጭተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ አረንጓዴው የለም። ግን በረኪና ሥራውን ጨርሶ ሲያልቅ የሚቀረው በአብዛኛው ጨው ነው፤ ያው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት። ድንጋያችን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው፣ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣል። ፀሐይ ሲወጣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ሲያጣ የድንጋዩን ፊት ከውስጥ ይገፋዋል። ዝናብ ሲመጣ ይሟሟል፣ ሲደርቅ እንደገና ይጠጥራል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የድንጋዩ ፊት በቅርፊት ቅርፊት ሲወድቅ «ድንጋዩ አርጅቶ ነው» ይባላል። ዱቄት ሳሙናም ቢሆን ጨው ስለሚተው ከዚህ አይሻልም።

አሲዱ ደግሞ የባሰ ነው። ይሄ ሕንጻ በሲሚንቶ አልተገነባም፣ በኖራ ነው የተያያዘው። አሲድ ኖራን ይበላል፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከወደቀው ልስን ቁራሽ ላይ ጠብታ አድርጉና እየተንጨረጨረ አረፋ ሲያወጣ እዩት። ያ አረፋ ሕንጻውን አንድ ላይ የያዘው ነገር ነው። አያቶቻችን ኖራ አቃጥለው፣ አብላልተው፣ በጀርባ ተሸክመው የሠሩትን እኛ በጆግ እናፈሰዋለን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ አንዱ ልጅ በረኪና፣ ሌላው አሲድ ይዞ እዚያው ደረጃ ላይ ይሠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ መሣሪያ ያገለገለው ያው ጋዝ ነው፣ ማጋነን አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ተንበርክኮ ደረጃ የሚፈትግ ልጅ ደግሞ ፊቱ እዚያው ነው። አስም ያለበት አንድ ልጅ ይበቃል። እባካችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ባትሰሙኝ ይሄን ስሙኝ፦ ሁለቱ አንድ ቀን፣ አንድ ግቢ ውስጥ አይግቡ።

ደግሞስ ይሄ ተራ ግንብ ነው እንዴ? ግድግዳውን እንሳለማለን። ግንባራችንን እናስነካለን፣ ከንፈራችንን እናሳርፋለን፣ ሕፃን አዝለው የሚመጡ እናቶች የልጁን እጅ ያስነካሉ። ደረጃውን በባዶ እግር ነው የምንወጣው። ታጥቦ የሚወርደው ውሃ ደግሞ የሚሄደው ወደ ጽዱና ወደ ወይራው ሥር ነው። የአዲስ አበባ የድሮ ጽድ የት ቀረ? በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ያለው። እሱን በጨው ውሃ አናጠጣው።

ስለ ላቫጆው ማሽን አጭር ልበል። ባለቤቱን እግዚአብሔር ይስጠው፣ ከልቡ ነው ያሰበው። ግን ማሽኑ ለመኪና ቆርቆሮ ነው የተሠራው። ወደ አሮጌ ኖራ ሲዞር መጋጠሚያውን ቆፍሮ ያወጣል፣ ውሃውን ግድግዳው ሆድ ውስጥ ይከታል፣ ያ ውሃ ደግሞ በውስጥ በኩል፣ ሥዕሎቹ ካሉበት ጎን ሊወጣ ይችላል። አዲሱ የኮብልስቶን ግቢ ላይ፣ ራቅ አድርገው በዝግታ ቢጠቀሙበት ግድ የለኝም። ከሕንጻው ግን ይራቅ።

«ታዲያ እንዲሁ አረንጓዴ ሆኖ ይቅር?» ትሉኝ ይሆናል። አይቅር። መጀመሪያ ግን ለምን እዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴ እንደሆነ እንጠይቅ። ደብራችንን ዙሩት፤ ሰሜኑ፣ የወንዶች መግቢያ፣ ደህና ነው። ደቡቡ፣ የሴቶች መግቢያ፣ ነው የተበላሸው። የፈረንጅ መጽሐፍ ሳረንስት በሰሜን በኩል ይበዛል ይላል፣ ለእነሱ አገር እውነት ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። ስለዚህ ልክ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ፣ ደመናውን ሰብራ የምትወጣው ጥቂት የቀትር ፀሐይ እንኳ የደቡቡን ግድግዳ አታገኘውም። ክረምቱን ሙሉ እንደራሰ ይከርማል። በዚያ ላይ የጽዱ ቅርንጫፍ ተጠግቶ ነፋሱን ከልክሎታል።

በዚያ ላይ ደግሞ አሸንዳው አለ። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ያለው አሸንዳ መገጣጠሚያው ተለያይቷል፤ ቅጠል ሞልቶት ውሃው ወደ ቱቦው ከመግባት ይልቅ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ከታች ቆማችሁ ሽቅብ ብትመለከቱ አረንጓዴው ሰንበር ከተለያየው መገጣጠሚያ ስር ይጀምርና ቀጥ ብሎ እስከ ደረጃው ይደርሳል። ጣት ቀስሮ የሚያሳይ ሰው አያስፈልገውም። የቆሸሸው ድንጋይ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም፣ የሚጠጣው ስላገኘ ነው። አሸንዳው እንዲህ ሆኖ ሳለ ብናጥበውም ባናጥበውም ልፋታችን ውሃ የበላው ነው።

ሌላም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የግድግዳው እግር «እንዲጠነክር» ተብሎ እስከ ጉልበት ድረስ በሲሚንቶ ተለስኗል። በቅን ልብ ነው የተሠራው። ሲሚንቶው ግን እርጥበት አያስተነፍስም፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ከኋላው ታፍኖ ከሲሚንቶው በላይ ይወጣል። ሳረንስቱ ቀጥ ባለ መስመር ከልስኑ ጠርዝ ላይ የበቀለው ለዚህ ነው። አበባ የተተከለባቸው ጣሳዎችም ግድግዳው ሥር ተደርድረው በየቀኑ ውሃ ይጠጣሉ። ለአበባው ሌላ ቦታ አይጠፋም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ወጣቶቹ ይምጡ፣ ግን ብሩሹን ትተው መሰላል፣ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ይምጡ። አሸንዳውን ከቅጠል ያጽዱ። ቆርቆሮ ሠሪ ተጠርቶ መገጣጠሚያውን ያያይዝ፤ ለአሲድ የተገኘው ገንዘብ ለዚህ ይዋል። ግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ይነሣ፣ ዲቹ ይጠረግ፣ የጽዱ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ (ዛፉ ሳይሆን ቅርንጫፉ፣ አደራ) ይከርከም። ከዚያ ድንጋዩን ተዉት። ጥቅምት ይግባ፣ ፀሐዩና ነፋሱ ይምታው። ግማሹ አልጌ ራሱ ደርቆ አቧራ ሲሆን ታያላችሁ።

ደረጃው ግን መጠበቅ የለበትም። እዚያ የሚያዳልጠው ነገር ሰው ይሰብራል፤ ዘንድሮ ክረምት ሌሊት ለኪዳን የመጡ አንዲት እናት መቋሚያቸውን እንደያዙ ወድቀዋል። ስለዚህ ደረጃው አሁኑኑ ይጽዳ፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ሳረንስቱን ሳይርስ በፊት በእንጨት መፋቂያ አንሡት፤ ብረት አይንካው። የተነሣውን እዚያው አትተዉት፣ ሰብስባችሁ ከግቢ አውጡት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍስሱ፣ ጠንከር ባለ የፕላስቲክ ወይም የሣር መጥረጊያ ፈትጉ፣ እንደገና አጥቡ። አልጌው እምቢ ካለ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ትንሽ ቆይታችሁ ፈትጉ፤ ሙቀት ይገድለዋል፣ ጨውም አይተውም። የተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ግን የፈላ ውሃ አታፍስሱ፣ ልጆችም ማንቆርቆሪያው አጠገብ አይድረሱ። ይሄ ሥራ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ቢደገም አልጌው የሚወፍርበት ጊዜ አያገኝም። አንድ የብረት መደገፊያም በደረጃው ጎን ይተከል። ይሄን ስንት ዓመት ነው የምንለው?

ግድግዳው ላይ ያለውን የድንጋይ ሽበት በሚመለከት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አትንኩት። ድንጋይ ይጎዳል ወይስ ይሸፍናል በሚለው ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፣ መልሱም እንደ ድንጋዩና እንደ ዓይነቱ ይለያያል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሲነቅሉት የሚደርሰው ጉዳት ሲተዉት ከሚደርሰው ይበልጣል ባይ ነኝ። ደግሞ ማን አስቀያሚ ነው አለው? ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ ሽበት ያስታውሳል። በዓለም የሚዞረው ፎቶ እሱን እንደያዘ ነው።

ላሊበላን ካነሣሁ አይቀር፣ በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ታሪክ አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ የውጭ ግድግዳቸው ሬንጅ ተቀባ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። የቀባው ሰው ጠላት አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመራው ቡድን ያንን ሬንጅ ከድንጋዩ ላይ ሲያነሣ በእጅ፣ በትዕግሥት፣ ለዓመታት መሥራት ግድ ሆነበት። በአንድ ዘመቻ የተደረገ በአንድ ዘመቻ አልወጣም። እኛ ደግሞ አንጀሊኒ የሚልክልን የለም።

ሕጉንም ላስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥበቃና የእድሳት ሥራ ለመሥራት አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ደብራችን በመዝገብ ላይ ይኑር አይኑር የጽሕፈት ቤታችን ፋይል ይነግረናል፤ ይታይና ካለ ደብዳቤ ተጽፎ ባለሙያ ይጠየቅ። ባይኖርም መጠየቅ አይከለከልም። ደጅ መጥናት እንደሚያሰለች አውቃለሁ፣ ግን ንግሡ ኅዳር ነው፣ ጊዜ አለን።

በመጨረሻ፣ አሜሪካ ያሉት ወንድሞችና እህቶች በቴሌግራሙ ግሩፕ ላይ «መድኃኒቱን እኛ እንላክ» ማለታቸውን አይቻለሁ። ይባርካችሁ። እውነት ነው፣ እናንተ አገር በወታደሮች መቃብር ላይ ያለውን ድንጋይ የሚያጸዱበት ዲ ቱ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ በረኪናም አሲድም የለበትም፤ ይረጫል፣ ለስላሳ ብሩሽ ይነካዋል፣ ከዚያ ዝናቡና ፀሐዩ ቀስ በቀስ ይጨርሱታል። ከበረኪና በብዙ ይሻላል። ቢመጣም ግን መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ፣ በእጅ ስፋት ተሞክሮ፣ ሳምንታት ታይቶ ነው። እኔን ብትሰሙኝ ግን ለፈሳሹና ለመላኪያው የምታወጡትን ለአሸንዳውና ያንን ሲሚንቶ አንሥቶ በኖራ ለመተካት ላኩት። ሲሚንቶውን ማንሣት የእጅ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ኖራውም ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ መብላላት አለበት። ከወዲሁ ቢጀመር ለበጋው ይደርሳል።

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ይዤ እመጣለሁ። ለኖራው ሥራ ከወጣቶቹ ሦስት አራት ልጅ ቢሰጠኝ አሠራሩን አሳያቸዋለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም። ከኮሚቴው የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ዓርብ ሠርክ ጸሎት ላይ የእሑዱ ማስታወቂያ ይስተካከል፣ በረኪና የገዛ ልጅ ካለም እቤቱ ትቶት ይምጣ።

ከምእመናን አንዱ፣ ግንበኛው